የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት በሰሜን ሸዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚገኙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት መግቢያ ጀምረው ሰኔ ላይ ያጠናቅቃሉ። በ2015 ዓ.ም. በስፋት መተግበር በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ነው። ቀድሞ እዚሁ ውስጥ ይቆጠሩ የነበሩት 7ኛና 8ኛ ክፍሎች መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል። ተማሪዎቹ የሚማሩት አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ነው። ከእንግሊዝኛ በስተቀር ሁሉም በአማርኛ ይሰጣሉ።

መጽሐፉ ለሁሉም አንድ ነው፤ አገሩ ግን ለየቅል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ውርጭ ይመታታል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይደርሳል፤ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ ገብሱና ባቄላው በማሽላና በማሾ፣ ወፍራሙ ጋቢ በስስ ነጠላ ይተካል። የመንዝ ልጅ የሚያውቀው በግና ገብስ ነው፤ የምንጃር ልጅ ጤፍ፣ የሞረትና ጅሩ ልጅ ስንዴና የሰባ ሰንጋ። ስለዚህ የአንድ መንፈቀ ዓመት ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው መምህሩ መጽሐፉን ተማሪው በዓይኑ ከሚያየው ነገር ጋር ሲያገናኘው ነው። ይህ በየትኛውም የትምህርት ዓይነት ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል አማርኛ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት እየተዘረዘሩ 231 ሆሄያት ይሆናሉ፤ እንደ «ቋ» ያሉት ዲቃሎች ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ልጆቹ ከፊደል ጋር ይተዋወቃሉ፤ ከየካቲት በኋላ የሚጠበቅባቸው ፊደላቱን አጋጥመው ቃል ማንበብ፣ ከቃል ወደ አጭር ዓረፍተ ነገር መሸጋገር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሀ ሁ በዜማ እየተወረደ የተያዘበት ዘመን ረጅም ነው፤ ዛሬም በየገጠሩ ብዙ ልጅ መደበኛ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቄስ ተማሪ ቤት ያልፋል። ዜማው ለማስታወስ ይረዳል። ሆኖም ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ያለ እንከን የሚወርድ ልጅ መምህሯ መሐል ላይ «ሙ»ን ብቻ ብታመለክተው ከ«መ» ተነሥቶ እስኪደርስበት ድረስ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። የሚያውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም ማለት ነው። የአሁኑ አቀራረብ ይህን ለማስቀረት ጥቂት ፊደላትን አስተምሮ ወዲያው ቃል ያስመሠርታል፤ «በ» እና «ላ» የተማረ ልጅ በዚያው ቀን «በላ» ብሎ ያነባል። ካዕብና ሣልስ፣ ማለትም ሁለተኛውና ሦስተኛው የፊደል ረድፍ፣ በአብዛኛው መስመር የያዘ ቅርጽ ስላላቸው ፈጥነው ይያዛሉ። አስቸጋሪው ስድስተኛው ረድፍ፣ ሳድስ ነው። «ል»፣ «ር»፣ «ን» እና «ት» እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ለውጥ ይዘው ስለሚመጡ አንድ በአንድ መለመድ አለባቸው፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሳድስ እጅግ የሚበዛ በመሆኑም ልጁ እዚህ ከተደናቀፈ ንባቡ ሁሉ ይጎተታል።

3ኛና 4ኛ ክፍል ሲደርሱ ንባቡ ረዘም ይላል፤ ተረት፣ እንቆቅልሽና ምሳሌያዊ አነጋገር ይገባሉ። እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ቤት ራሱ መጽሐፍ ነው። ማታ በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» እየተባባለ ያደገ ልጅ የሰማውን በራሱ ቃል እንዲናገርና እንዲጽፍ ቢጠየቅ አይቸግረውም። 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ደብዳቤና ድርሰት መጻፍ፣ ግጥም ማንበብ፣ ስምን ከግስና ከቅጽል መለየት፣ በመዝገበ ቃላት መጠቀም ይመጣሉ። የግዕዝ ቁጥሮችም በአማርኛ ትምህርት ውስጥ ስፍራ አላቸው።

በሒሳብ የቁጥሩ ክልል ከዓመት ዓመት ይሰፋል፤ 1ኛ ክፍል እስከ 100፣ 2ኛ ክፍል እስከ 1,000፣ 3ኛ ክፍል እስከ 10,000፣ 4ኛ ክፍል እስከ 1,000,000 ድረስ ይቆጠራል፣ ይደመራል፣ ይቀነሳል። ማባዛትና ማካፈል ቀስ በቀስ ይገባሉ። 5ኛና 6ኛ ክፍል የክፍልፋይ፣ የአስርዮሽና የመቶኛ ክፍሎች ናቸው፤ ከማዕዘን፣ ከስፋትና ከይዘት ጋርም የሚተዋወቁት እዚሁ ነው። ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ክፍልፋይ ነው፤ ምክንያቱም ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ከሌላው በላይ ተቀምጦ ሲታይ ምንን እንደሚያመለክት አይገባቸውም። ግን የገበሬ ልጅ ክፍልፋይን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። በአካባቢው ልማድ አራት ጥማድ መሬት አንድ ሄክታር ያህል ይሆናል። «አባትህ ሦስት ጥማድ ስንዴ ቢዘሩ ስንት ሄክታር ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ሦስት አራተኛን በእግሩ ያውቀዋል፤ ዳር ድንበሩን ሲጠብቅ ነው ያደገው። አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር መሆኑንም ከዚያው አስልቶ ይደርስበታል፤ የአስርዮሹ 0.75 ሲመጣም አዲስ ነገር አይሆንበትም። ኩንታሉ 100 ኪሎ ግራም ነውና መቶኛም በእህሉ ሚዛን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስንዝርና ክንድ ከሜትር፣ ቁና ከኪሎ ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ የሰው ሁሉ ክንድ እኩል አለመሆኑን ልጆቹ እርስ በርስ ተለካክተው ያዩታል፤ መደበኛ መለኪያ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አካባቢ ሳይንስ ተፈጥሮን፣ ጤናን፣ መልክዓ ምድርንና ታሪክን አንድ ላይ የያዘ ትምህርት ነው። ጉዞው ከራስ ይጀምራል፦ ከሰውነት ክፍልና ከንጽሕና ወደ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ወደ ሰፈር፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ አገርና ወደ አህጉር ይዘልቃል። የሰሜን ሸዋ መምህር በዚህ ትምህርት ታድሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጣርማ በር ሰንሰለት የውሃ መለያያ ነው፤ በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በምሥራቅ የወረደው ደግሞ በከሰምና በሌሎች ወንዞች ወደ አዋሽ። የመጀመሪያው ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል፤ ሁለተኛው ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በአገር ካርታ ላይ በጣቱ ሲከተል የተፋሰስን ትርጉም ለዘለቄታው ይይዘዋል።

የምግብ ሰንሰለትም እንዲሁ። መንዝ ጓሳ በተባለው የደጋ ሣር ምድር ሣሩ አለ፣ ሣሩን የሚበላው አይጥ አለ፣ አይጡን አድብቶ የሚይዘው ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮም በመንጋ ሣር ሲነጭ ይታያል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። ጓሳውን ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቆታል፤ ዘግቶ ያቆየዋል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር በሥርዓት ያጭዳል። ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። አንኮበርም በስሟ የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማትገኝ ትንሽ ወፍ አላት።

ታሪኩም ቅርብ ነው። የዓድዋ በዓል የካቲት 23 ቀን ስለሚውል ትምህርቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ አንኮበርም የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ሚያዝያ 27 ቀን የሚከበረው የአርበኞች ቀን ሲመጣ ደግሞ የራስ አበበ አረጋይና የኃይለ ማርያም ማሞ ስም ይነሣል፤ የሁለተኛው ስም ለደብረ ብርሃን ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጠሪያ ሆኖ በየቀኑ የሚሰማው ነው።

እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። በታችኛው ክፍል ሰላምታ፣ ቀለም፣ ቁጥርና የዕቃ ስም፣ በላይኛው አጭር አንቀጽ ማንበብና መጻፍ ነው። ከክፍል ውጭ የሚሰማው ሰው ስለሌለ ለገጠሩ ልጅ ይከብዳል፤ ስለዚህ መናገር የሚለማመደው እዚያው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፣ መምህሩም ጊዜውን ለሰዋስው ብቻ ባያውለው ይመረጣል።

የክወናና የእይታ ጥበባት ዜማን፣ ውዝዋዜን፣ ትወናን፣ ሥዕልንና የእጅ ሥራን ይይዛል። የመንዝ ሴቶች የበግ ፀጉር ሲፈትሉ ያየ ልጅ የእጅ ሥራን ከቤቱ ያውቀዋል፤ ሸክላውም፣ ስፌቱም ለክፍል ይበቃል። በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ኳስና ባህላዊ ጨዋታ አሉ። ሁለቱም ትምህርቶች ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜያቸው ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ይወሰድባቸዋል፤ ይህ ልማድ መቅረት አለበት፤ ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አይማርም። ግብረ ገብ ሐቀኝነትን፣ መከባበርን፣ ኃላፊነትንና ሰላምን ያስተምራል። ታላቅ ሲመጣ ብድግ ብሎ ቦታ መልቀቅን እያየ ላደገ ልጅ መሠረቱ አስቀድሞ ተጥሏል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በመንዝ፣ በአንኮበርና በሌሎችም ደጋዎች ከበልግ ጋር ይገጣጠማል። ዝናቡ በየካቲትና በመጋቢት ሲጥል ቤተሰብ ያርሳል፣ ይዘራል፤ ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ እህት ትንሽ ወንድሟን ታዝላለች። በዚያን ሰሞን ከክፍል የቀረ ልጅ ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎት ሄዷል። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ግማሹን ቀን ለሥራ ማዋል ስለሚችሉ ጉዳቱ ይቀልላቸዋል። ሌላው ችግር መጽሐፍ ነው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ኅትመቱ ባለመዳረሱ አንዱን መጽሐፍ ብዙ ልጆች ሲጋሩት ቆይተዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሰላም ማጣቱ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌላ አካባቢ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን ተቀብላለች። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት የቆየ የ10 ዓመት ልጅ ዕድሜው 4ኛ ክፍል ነው፣ ንባቡ ግን 1ኛ ክፍል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የዘንድሮውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ መጨረስ አይጠቅመውም፤ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ፊደልና አራቱ የሒሳብ ስሌቶች ናቸው፣ ለዚህም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የማካካሻ ትምህርት ያስፈልገዋል።

ምዘናው ተከታታይ ነው፤ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ አጫጭር ፈተናና የመንፈቀ ዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ተደምረው ውጤት ይሆናሉ። የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት አማካይ ተማሪው ማለፉን ይወስናል። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመቱ ማብቂያ ክልላዊ ፈተና ይወስዳሉ፤ ያለፉት 7ኛ ክፍል ሲገቡ አካባቢ ሳይንስ የሚባለውን ትተው አጠቃላይ ሳይንስንና ማኅበራዊ ሳይንስን ለየብቻ፣ በግብረ ገብ ፈንታ ደግሞ የዜግነት ትምህርትን ይማራሉ።