የይለፍ ቃል ሰራቂ ሶፍትዌር፦ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ለምን አይበቃም?

«ቫይረስ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኮምፒውተር የሚያዘገይ ወይም ፋይል የሚያጠፋ ነገር ነው፤ የይለፍ ቃል ሰራቂ ሶፍትዌር ግን ሥራውን በዝምታ ጨርሶ አንዳንዴ ራሱንም ስለሚያጠፋ፣ ባለቤቱ ምንም ምልክት ላያይ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 16 እስከ ግንቦት 16 ቀን 2025 ድረስ «ሉማ» በተባለው አንድ ሰራቂ ብቻ የተበከሉ ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ለይቷል።

ብዙውን ጊዜ የሚገባው በር ሰብሮ ሳይሆን ተጋብዞ ነው። «ክራክ» ከተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው ከተሰበረ ፕሮግራም ወይም ደረሰኝ መስሎ በኢሜይል ከመጣ ፋይል ጋር ይወርዳል፤ አለዚያም «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል የሐሰት ገጽ ተጠቃሚው ራሱ ትእዛዝ ገልብጦ እንዲያስኬድ ያደርገዋል። ይህ የመጨረሻው፣ ሌባው ቁልፉን በባለቤቱ እጅ የሚያስከፍትበት በመሆኑ፣ ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል።

ከገባ በኋላ በብራውዘር የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ይለቅማል፤ አንዳንዱ የሚተየበውን ይመዘግባል፣ የስክሪኑንም ምስል ያነሳል። ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ግን የኩኪ ስርቆት ነው። የመግቢያ ኩኪ፣ ድረ ገጹ «ይህ ሰው ማንነቱን አረጋግጦ ገብቷል» ብሎ ለብራውዘሩ የሚሰጠው የይለፍ ካርድ ሲሆን፣ ካርዱን የወሰደ ሰው የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚላከውን ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መቀየር አለበት፤ ከዚያም «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለው ምርጫ ተጭኖ የቀድሞው ካርድ መሰረዝ ይኖርበታል። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ የተቀየረ የይለፍ ቃል፣ ሰራቂው ገና እየሠራ ከሆነ፣ ወዲያው ተመልሶ ይሰረቃል።