ቴንችን ከሐይቅ ማጥመድ፦ ከፀደይ እስከ በጋ

ቴንች ረጋ ባለ፣ አረም በበዛበትና ወለሉ ጭቃ በሆነ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ የካርፕ ዘመድ የሆነ ዓሣ ነው። የትውልድ ሥፍራው ከምዕራብ አውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ ወንዞች ይዘረጋል። ሳይንሳዊ ስሙ ቲንካ ቲንካ ሲሆን፣ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ከካርፖች ጋር ደምሮ መዝግቦታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፀደይ የተባለው ከማርች እስከ ሜይ፣ በጋ የተባለው ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወቅት ነው።)

ቴንች በብዙ የአውሮፓ አገሮች ይጠመዳል፤ የራሱ ወግና ስልት ያበጀለት ግን በተለይ የእንግሊዝ አጥማጅ ነው። ስልቱ ቢለያይም ሁሉም የሚገዛው በውኃው ሙቀት ነው። ቴንች የብርዱን ወራት ወለል ላይ ደንዝዞ ያሳልፋል። ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መንቀሳቀስና መብላት ይጀምራል፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንቁላል ይጥላል። ስለዚህ ልምድ ያለው አጥማጅ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ቴርሞሜትሩን ያምናል።

ዓሣው

ቴንችን ከሌላ ዓሣ ጋር ማምታታት ይከብዳል። ገላው ድፍን ያለና ወፍራም ነው፤ ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ፣ ጎኑ የወይራ ቀለም፣ ሆዱ አካባቢ ወደ ነሐስ ያደላል። ክንፎቹ ጠቆር ያሉና ጠርዛቸው የዶለዶመ ነው፤ ጅራቱም እንደ ሌሎቹ በመሃል በጥልቅ አይሰነጠቅም። ዓይኑ ትንሽና ቀይ ነው። በአፉ ግራና ቀኝ ጥግ አንዳንድ አጭር ጢም አለው። ቅርፊቱ እጅግ ደቃቅ ሆኖ በወፍራም ቆዳው ውስጥ የተቀበረ ሲሆን፣ ከላይ የሚሸፍነው ልጋግ እጅ ላይ እንደ ረጠበ ሳሙና ያሙለጨልጨዋል።

ይህ ልጋግ ዓሣውን ባለ ዝና አድርጎታል። የቆሰለ ዓሣ መጥቶ ገላውን ቢታከከው ይድናል ተብሎ ስለታመነ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ቴንች «የዓሦች ሐኪም» ይባል ነበር። ሌሎች ዓሦችን የሚበላው ፓይክ እንኳ ለዚሁ ውለታ ሲል አይነካውም ይባል ነበር። ፓይክ ግን ሲርበው ሐኪምም አይምርም።

ወንዱንና ሴቷን መለየት ቀላል ነው። የወንዱ የሆድ ክንፎች እንደ ማንኪያ ሰፋፊ ናቸው፤ የፊተኛው አጥንታቸውም ወፍራም ነው። ሴቷ ክንፏ ትንሽ፣ ክብደቷ ግን የበለጠ ነው። አጥማጆች በብዛት የሚይዙት ከ1 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ሲሆን፣ የብሪታንያ ክብረ ወሰን በ2001 የተያዘ 6.9 ኪሎ ገደማ ዓሣ ነው። ኦክስጅን ያነሰበት ውኃ ከአብዛኞቹ ዓሦች ይልቅ ለቴንች ይስማማዋል፤ ሌላው ዓሣ ባለቀበት ኩሬ እሱ የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወቅቱ እንዴት ይሄዳል

በፀደይ መጀመሪያ ቀድመው የሚሞቁት ጥልቀታቸው ያነሰ፣ ፀሐይ የሚያገኛቸውና ነፋስ ሞቅ ያለውን የላይኛውን ውኃ የሚገፋባቸው ዳርቻዎች ናቸው፤ ዓሣውም የሚፈለገው እዚያ ነው። ጠጠር ወጥቶባቸው በኋላ ውኃ የሞላቸው ጥልቅ ሐይቆች ዘግይተው ይሞቃሉ። ለብዙዎች ምርጡ ወር ሜይ ነው፤ ሴቶቹ እንቁላል አዝለው ከምንጊዜውም በላይ የሚከብዱበትና አብዝተው የሚበሉበት ጊዜ ነውና።

በእንግሊዝ ይህ ወር ለረጅም ዘመን ዝግ ነበር። ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ድረስ ዓሣ እንዲራባ ማጥመድ ስለሚከለከል፣ ጁን 16 እንደ በዓል ይጠበቅ ነበር። ሌሊቱን ሐይቅ ዳር አድሮ ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን የመጀመሪያውን መንጠቆ መወርወር የተለመደ ነበር፤ የዚያች ንጋት ዓሣ ደግሞ ቴንች ነው። በ1995 እገዳው ከአብዛኞቹ ሐይቆችና ኩሬዎች ተነሥቶ በወንዞች ላይ ግን ጸና። የቀድሞውን የናፈቁ አሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ናፍቆቱ ግን ቴንቾቹ በእንቁላል የከበዱበትን ሜይ አይመልስም፤ ዛሬ ትልልቅ ዓሣ የሚፈልጉ አጥማጆች የሚወጡት ያኔ ነው።

ርቢው እንደ ሙቀቱ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ፣ አንዳንዴም እስከ ኦገስት ይሄዳል። አንዲት ሴት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል በተለያየ ጊዜ ከፋፍላ አረም ላይ ታጣብቃለች። በዚያ ሰሞን ዓሦቹ በአረሙ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይታያሉ፤ መንጠቆ ዞር ብለው አያዩም፤ ትቷቸው መሄድም ነውር የለውም። ከዚያ በኋላ ከስተው ግን ርቧቸው ይመለሳሉ። በጋው ሲጠና ቀን ቀን አድፍጠው ጎሕ ሲቀድና አመሻሽ ላይ ብቻ ይበላሉ፤ ሴፕቴምበር ሲገባ ደግሞ የሚያዙት ይመናመናሉ።

አረፋውን ማንበብ

ቴንች የሚበላው ወለሉን እየቆፈረ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ያሉ የነፍሳት እጮችን፣ ቀንድ አውጣና ደቃቅ ዛጎል ለበሶችን ይፈልጋል። ጭቃውን ሲበረብር የታመቀው ጋዝ ይለቀቃል፤ በከፊል በስንጥባቱ እየተጣራ ስለሚወጣ አረፋው ከስንዴ ፍሬ ያነሰ፣ ደቃቅና የበዛ ይሆናል። ማለዳ፣ ውኃው ላይ ጉም ተኝቶ ሳለ፣ ጥቂት አረፋዎች ፈላ ብለው ይወጣሉ፤ ዝም ይላል፤ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ሌላ እፍኝ። ዓሣው ወዴት እየሄደ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ካርፕ የሚያስወጣው አረፋ ተለቅ ያለ ነው፤ ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣ ጋዝ ደግሞ ከአንድ ቦታ አይንቀሳቀስም። ይህን መለየት ከየትኛውም ውድ የማጥመጃ ዘንግ ይበልጣል።

አረም በበዛበት ቦታ አሮጌው ስልት ወለሉን መቧጠጥ ነው። የሁለት ጓሮ መቧጠጫዎች ራስ ጀርባ ለጀርባ ይታሰርና በገመድ ተወርውሮ ይጎተታል፤ አረሙ ተነቅሎ ንጹሕ ቦታ ይገኛል፤ የተደፈረሰው ጭቃም በውስጡ ያሉትን እጮች ለዓሣው ያጋልጣል። ይህ ሁሉ ጩኸት ዓሣውን የሚያባርር ይመስላል፤ ቴንች ግን ብዙ ሳይቆይ የተደፈረሰውን ሊበረብር ይመጣል። ቦታው ላይ የተፈጨ ዳቦ፣ በቆሎ ወይም የተቀቀለ የሄምፕ ዘር ይበተናል።

ተንሳፋፊውና የመኖ ቅርጫቱ

በቴንች ስም የታወቀው ስልት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዟ ኤልስበሪ ከተማ ቴይለር ወንድማማቾች ያስፋፉት «የማንሳት» ስልት ነው። ከጣዎስ ላባ አጥንት የተቆረጠ ተንሳፋፊ ከታች በኩል ብቻ ክሩ ላይ ይታሰራል። ክብደቱ ከመንጠቆው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ይቆነጠጣል፤ የክሩ ርዝመትም ከውኃው ጥልቀት ትንሽ እንዲያልፍ ይደረግና፣ ክብደቱ ወለል ላይ ካረፈ በኋላ ክሩ ሲወጠር ተንሳፋፊው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቴንች ምግቡን ለማንሳት ራሱን ደፍቶ ይቆማል። ጎርሶ ገላውን ሲያቃና ክብደቱን አብሮ ያነሳዋል። ላይ ያለው አጥማጅ የሚያየው ተንሳፋፊው እንደ ሌላው ዓሣ ሲሰምጥ አይደለም፤ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ከውኃው ውስጥ ቀስ ብሎ እየረዘመ ይወጣና ጎኑ ላይ ይጋደማል። ዘንጉን ማንሳት ያኔ ነው። አንዳንዱ ወደ ታች እስኪገባ ሲጠብቅ ምግቡ ይተፋበታል።

ቆንጥጠው የሚይዙት ክብደት ድሮ እርሳስ ነበር። የውኃ ወፎች፣ በተለይም ዝይ መሰሎቹ ነጫጭ ስዋኖች እየዋጡት ስለተመረዙ፣ ብሪታንያ በ1987 ከ28.35 ግራም ያልበለጡትን አብዛኞቹን የእርሳስ ክብደቶች አገደች፤ አሁን ቱንግስተንና ሌሎች መርዛማ ያልሆኑ ማዕድናት ተተክተዋል።

ራቅ ባለ ቦታ የሚሠራው የመኖ ቅርጫት ነው። በጭምቅ መኖ ወይም በዝንብ እጭ የተሞላ ሽቦ ወይም ፕላስቲክ እቃ ከአጭር ክርና መንጠቆ ጋር ይወረወራል፤ ዓሣው ጎርሶ ሲዞር የቅርጫቱ ክብደት መንጠቆውን ራሱ ይተክለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ በትላልቅ ሐይቆች ብዙ ዓሣ የሚያስይዘው ይኸኛው ነው፤ ውበቱ ግን የተንሳፋፊው ነው። ለመንጠቆው የምድር ትል፣ የዝንብ እጭ፣ ጣፋጭ በቆሎ፣ ዳቦና ትንንሽ ክብ ሊጦች ይውላሉ። መንጠቆው ከቁጥር 8 እስከ 14፣ ክሩ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ የሚሸከም ቢሆን ይበቃል፤ ተጠምዶ ሲሮጥ የሚያመራው በቀጥታ ወደ አረሙ ስለሆነ ቀጭን ክር አያዋጣም። ሩጫው እንደ ካርፕ ፈጣን አይደለም፤ ግን እልኸኛ ነው።

ከተያዘ በኋላ

በእንግሊዝ ቴንች የሚያዝ ዓሣ እንጂ የሚበላ አይደለም። እጅ ውኃ ተነክሮ፣ ዓሣው የረጠበ ፍራሽ ላይ ተኝቶ መንጠቆው ይነቀላል፤ ልጋጉ እንዳይገፈፍ ቋጠሮ የሌለው መረብ ይመረጣል፤ ከዚያ ወደ ውኃው ይመለሳል። በፖላንድ፣ በጀርመንና በጣሊያን ግን ገበታ ላይ ይቀርባል፤ በጣሊያን የፖይሪኖ ኩሬዎች የሚረባው ወርቃማ ቴንች በ2008 የአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ የትውልድ ሥፍራ ስም አግኝቷል።

ሰው ከትውልድ ሥፍራው አውጥቶ ያዛወረባቸው ቦታዎች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። በ1870ዎቹ ወደ ታዝማኒያና ወደ አሜሪካ ተወስዷል። በካናዳ ኩቤክ ከማርቢያ አምልጦ ሪሽልዩ ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ የተሰራጨ ወራሪ ሆኗል፤ በኦንታሪዮ ግዛትም ሕይወት ያለው ቴንች ይዞ መገኘት ክልክል ነው።