የሕንፃውን ኔትወርክ ከካምፓሱ ባክቦን የሚያገናኝ ጌትዌይ አመራረጥ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሃል ከተማውን ይዘው ተሰልፈዋል። ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂው፣ አራት ኪሎ ሳይንሱ። ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሡ ለትምህርት የሰጡት ነው። ሲሠራ ኬብል ይገባበታል ብሎ ያሰበ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

እንዲህ ባለ ግቢ እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ ላን (የውስጥ ኔትወርክ) አለው። ሕንፃዎቹን የሚያያይዘው ዋና መስመር ባክቦን ይባላል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ዕቃ ጌትዌይ ነው። ድሮ ይህ ዕቃ አስተርጓሚም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንዱ ክፍል አፕልቶክ፣ ሌላው ዴክኔት፣ ሌላው አይፒ የሚባል የኮምፒውተር መነጋገሪያ ቋንቋ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የኔትወርክ ዕቃ አምራቹን ሲስኮን የመሠረቱት ባልና ሚስትም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከዚሁ ጣጣ ጋር ሲታገሉ የነበሩ ናቸው። ዛሬ ሁሉም አይፒ ስለሆነ ጌትዌይ ሲባል ራውተር (መልእክትን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚመራ ዕቃ)፣ ወይም የራውተር ሥራ የሚሠራ ሌየር 3 ስዊች ማለት ነው፤ ተራ ስዊች ግን የአንድ ኔትወርክ ኬብሎችን ብቻ ያገናኛል።

ሻጭ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ፍጥነት ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ ሕንፃ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል ወይ?

አንድ ግቢ ውስጥ ከምሳ በኋላ ኔትወርኩ በሙሉ ጭጭ አለ። ሕንፃ በሕንፃ ስንዞር ዋልን። በመጨረሻ አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ባለ ስምንት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ስዊች አገኘን፤ መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ አብደዋል። አንዱ ደግ ሰው መሬት የወደቀ የኬብል ጫፍ አይቶ «ተነቅሏል» ብሎ ሰክቶታል። ሌላው ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ለሁሉም የሚላከው መልእክት ክብ እየዞረ ባክቦኑን አጥለቀለቀው፤ ሕንፃዎቹ የተያያዙት በተራ ስዊች ነበርና። ራውተር ለሁሉም የሚላከውን መልእክት ወደ ሌላ ኔትወርክ አያሳልፍም፤ በሩ ላይ ቢኖር ጉዱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይቀር ነበር።

ፍጥነት ላይ ስንመጣ፣ ካርቶኑ ላይ «ጊጋቢት» መባሉ አይበቃም። አንድ የጊጋቢት ፖርት ትንንሾቹን ፓኬቶች (የመልእክት ቁራጮች) በሙሉ አቅም ሲያስተላልፍ በሴኮንድ ወደ 1.49 ሚሊዮን ይደርሳል። ዕቃው ይህን መቻል አለመቻሉ ከመግለጫ ወረቀቱ ይታያል።

የፋይበር ፖርት ግን ለድርድር አይቀርብም። የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር አያልፍም። የአዲስ አበባ የክረምት መብረቅም አለ፤ በሕንፃ መካከል የተዘረጋ መዳብ ኃይሉን እየጎተተ ዕቃው ድረስ ያደርሰዋል። ፋይበር መስታወት ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲንግል ሞድ (ለረጅም ርቀት የሚሆነው ዓይነት) ከሆነ ደግሞ በተለመደው የጊጋቢት ሞጁል እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ለሱ ምንም አይደለም።

ከዚያ መብራት። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) የሌለው ጌትዌይ መብራት በሄደ ቁጥር ሕንፃውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ውድ ዕቃ ፈንታ ሁለት መካከለኛ ገዝቶ አንዱን መጠባበቂያ ማድረግ፣ የተረፈውን ብር ለባትሪ ማዋል ይሻላል። የካቢኔው ቁልፍም ሁለት ሰው ጋ ይሁን፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ሁሌ ባለቁልፉ ለቅሶ የሄደ ቀን ነው።