ዲዝኒ ወርልድ ከአያቶችና ከሕፃናት ጋር፦ የሚባለውና እውነታው

በአሜሪካ ትምህርት ቤት ሲዘጋና አያቶች ከአገር ቤት ለጥየቃ ሲመጡ፣ ብዙ ቤተሰብ “ዘንድሮ ሁላችንም ኦርላንዶ እንውረድ” ይላል። ወዲያው ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ችግሩ፣ አብዛኛው ምክር ጉልበት ላላቸው ሁለት ጎልማሶች እንጂ የ3 ዓመት ልጅና የ72 ዓመት አያት ለያዘ ቤተሰብ የተሰጠ አለመሆኑ ነው። ፍሎሪዳ ስላለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደጋግመው ከሚነገሩት እነዚህን መርጠናል። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

“አንድ ትልቅ ፓርክ ነው፤ በሁለት ቀን ይዳረሳል”

አንድ አይደለም። ቦታው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን አምስተኛ ያህል ማለት ነው። በውስጡ አራት ፓርኮች አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት (1982)፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ (1989) እና አኒማል ኪንግደም (1998)። ሁለት የውሃ መጫወቻዎችም አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በአውቶቡስ፣ በሞኖሬይል (በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሄድ ባቡር)፣ በጀልባ ወይም በአየር ላይ በገመድ በሚሄደው ስካይላይነር ነው።

አራቱንም ማዳረስ ግዴታ አይደለም። ከ6 ዓመት በታች ልጆች ላሉት ቤተሰብ ማጂክ ኪንግደምን ሁለት ቀን ማየት፣ አንድ ጠዋት ለአኒማል ኪንግደም፣ አንድ ምሽት ደግሞ ለኤፕኮት መስጠት ይበቃል። ሆሊውድ ስቱዲዮስ ቢቀር ትንንሾቹ ብዙም አይቀርባቸውም። የ4 ቀን ትኬት በተከታታይ 4 ቀን ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል የሚሉም አሉ፤ እውነታው ግን ከተመረጠው የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በ7 ቀናት ውስጥ እያረፉ መጠቀም ይቻላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው የልጅ ትኬት ይቆረጥለታል፤ 10 የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል።

“ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን በቀትር አንወጣም”

ጉዞውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይህ እልህ ነው። ስለ ገንዘቡ የሚባለው እውነት ነው፤ ትኬቱ ውድ ነው። ነገር ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ሰልፉ የሚረዝምበት፣ ፀሐዩ የሚያቃጥልበት፣ ሕፃኑ መተኛት የሚፈልግበትና የአያት እግር የሚያብጥበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በቀጥታ ሰልፍ ውስጥ የሚቆመው ቤተሰብ ከማለዳው ጋር ሲነጻጸር የሚያገኘው መጫወቻ ግማሹን እንኳ አይሞላም። የሚገርመው፣ የአያትና የልጅ ልጅ ሰዓት ይገጥማል፤ ሁለቱም በማለዳ ይነሣሉ፣ ሁለቱም በቀትር ጋደም ማለት ይወዳሉ። የሚያስቸግሩት መሐል ያሉት ወላጆች ናቸው።

ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጡ አያቶች ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ ይጠቅማቸዋል። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ኦርላንዶ ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቅተው ይቀመጣሉ። እንግዲያው ይህን መጠቀም ነው። ዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ያደረ ሰው በየቀኑ ፓርኩ ከሚከፈትበት 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። በሩ በ3 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ፣ በ2 ሰዓት ደጃፉ ላይ መድረስ፣ ሰልፋቸው የሚረዝሙትን (ለምሳሌ ፒተር ፓንን) በመጀመሪያው ሰዓት መጨረስ፣ በ5 ተኩል ምሳ በልቶ መውጣት፣ ተኝቶ በ11 ሰዓት መመለስ ይቻላል። ትኬቱ በዚያው ቀን ወጥቶ መግባትን ይፈቅዳል።

ይህ ዕቅድ የሚፈርሰው ሆቴሉ ሩቅ ሲሆን ነው። በተለይ ማጂክ ኪንግደም በመኪና ሲኬድ፣ መኪናው የሚቆመው ከፓርኩ ደጃፍ ሳይሆን ከሐይቁ ማዶ ነው። እዚያ ፍተሻ፣ ከዚያም በሞኖሬይል ወይም በጀልባ መሻገር አለ። ከመኪና ወርዶ በሩን ለማለፍ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መያዝ ያስፈልጋል። ውጭ ያለው ሆቴል በአዳር የሚቆጥበውን ገንዘብ በዚህ መመላለስ ያስከፍላል። አቅም ለሚፈቅድለት ኮንቴምፖራሪ ሆቴል ከማጂክ ኪንግደም በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። መካከለኛ ዋጋ ለሚፈልግ ትልቅ ቤተሰብ አርት ኦፍ አኒሜሽን ውስጥ 6 ሰው የሚያሳድሩ ክፍሎች አሉ። ማይክሮዌቭ፣ ትንሽ ፍሪጅና ሁለት መታጠቢያ ቤት አላቸው። አያቶች ባሉበት ጉዞ ሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ቅንጦት አይደለም።

“ሐምሌ ነው፤ ጋቢ ይያዝ”

ለአዲስ አበባ ሰው ሐምሌ ማለት ዝናብና ብርድ ነው። በፍሎሪዳ ግን ከዓመቱ ሁሉ ሞቃቱ ወር ነው፤ ሙቀቱ 33 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ እርጥበቱ ደግሞ ላብ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ከዚያም በላይ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲቀርብ ሜዳ ላይ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ጋቢው ቤት ይቅር፣ ነጠላ ግን አይቅር፦ ውጭ ለፀሐይ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አጥንት ለሚሰብረው ማቀዝቀዣ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛውን ዓይነት የሚወስዱ አያቶች፣ ሰውነታቸው ውሃ ቶሎ ስለሚያጣ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው። ኢንሱሊን የመሰለ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ መድኃኒት ካለ በየፓርኩ ያለው የመጀመሪያ ርዳታ ክፍል ያስቀምጣል።

“አዛውንት ወይም ዊልቸር ያለው አይሰለፍም”

ከዓመታት በፊት የሄዱ ሰዎች የሚያወሩት ነው። አሁን አብዛኞቹ የሰልፍ መንገዶች ዊልቸር የሚያስገቡ በመሆናቸው፣ በዊልቸር ያለ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በዚያው ሰልፍ ይጠብቃል። መንገዱ ዊልቸር የማያስገባ ከሆነ ሠራተኛው የመመለሻ ሰዓት ይሰጣል። ዳስ (DAS) የሚባለው፣ ሰልፍ ውስጥ ሳይቆሙ ተራ የሚያስጠብቀው አገልግሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ እንደ ኦቲዝም ባለ የእድገት እክል ወይም ተመሳሳይ ሁኔታ ምክንያት ረጅም ሰልፍ መጠበቅ ለማይችሉ ነው። ዕድሜ ብቻውን አያሰጥም፣ የጉልበት ሕመምም እንደዚያው።

በአጭሩ ሰልፍ የሚያስገባው፣ ነፃ የነበረው ፋስት ፓስም የለም። አሁን በእሱ ቦታ ያለው በክፍያ የሚገኘው ላይትኒንግ ሌን ነው፤ ዲዝኒ ሆቴል የሚያድሩ ከመግቢያቸው 7 ቀን አስቀድመው፣ ሌሎች 3 ቀን አስቀድመው በስልክ አፕ ይይዛሉ። በማለዳ ገብቶ በቀትር የሚወጣ ቤተሰብ ግን በየቀኑ መግዛት አያስፈልገውም። ከማጂክ ኪንግደም ሁለት ቀናት ለአንዱ ብቻ መግዛት ይበቃል።

“እማማ እግራቸው ጠንካራ ነው፤ ዊልቸር አይሹም”

ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰዓት የሚቆሙ እናት ዊልቸር ሲባሉ ቅር ቢላቸው አይፈረድም። ግን እዚህ በቀን 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መራመድ የተለመደ ነው፤ በኤፕኮት የአገሮቹን ድንኳኖች መዞር ብቻውን 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዊልቸሩን የሚከራዩት መራመድ ስላልቻሉ ሳይሆን በሁለተኛው ቀንም መራመድ እንዲችሉ ነው። “ቦርሳ መጫኛ ነው” ብሎ መጀመርም አይከፋም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሳቸው ይቀመጡበታል።

ፓርኩ ውስጥ የሚከራየው ለቀደመ ነው፣ በተለይ የኤሌክትሪኩ ቶሎ ያልቃል፤ ከፓርኩም አይወጣም። ወደ ሆቴል ይዞ መሄድ የፈለገ ከውጭ አከራዮች ያስመጣል። የኤሌክትሪኩን የሚነዳው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ የልጅ ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳትም አይፈቀድም። ጎማ ነድተው ለማያውቁ አያት በሰው መሐል መንዳት ስለሚያስጨንቅ የሚገፋው ይሻላል።

ልጁም እንደዚሁ። በሰፈር ጋሪ ከተወ ዓመት ያለፈው የ5 ዓመት ልጅ እዚህ ጋሪ ያስፈልገዋል። መጠኑ ከ79 ሴንቲ ሜትር ወርድና ከ132 ሴንቲ ሜትር ርዝመት መብለጥ የለበትም። በእጅ የሚጎተት ሠረገላ ጭራሽ አይገባም።

“ለሕፃንና ለሽማግሌ የሚሆን ነገር የለም”

የቁመት ገደብ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ እንዲህ የሚባለው ስማቸው የሚነሣው እነሱ ብቻ ስለሆኑ ነው። ባርንስቶርመር 89 ሴንቲ ሜትር፣ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 97፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122 ይጠይቃሉ። ገደቡ የመቀመጫው ማቀፊያ ብረት ልጁን በትክክል እንዲይዝ የተሠራ ስለሆነ ሠራተኞቹ ጫማ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቆ በመጣ ልጅ አይሸነፉም። ልጁን ቤት ለክቶ፣ የማይደርስበትን አስቀድሞ መንገር ደጃፍ ላይ ከሚፈስ እንባ ያድናል።

አንዱ ወላጅ ከትንሹ ጋር መቅረቱም ግድ አይደለም። ራይደር ስዊች የሚባል ነፃ አሠራር አለ፦ ሁሉም አንድ ላይ ወደ መግቢያው ይሄዳሉ፣ ትንሹን ለሠራተኛው ያሳያሉ፣ የመጀመሪያዎቹ በመደበኛው ሰልፍ ገብተው ይመለሳሉ፣ የጠበቁት ደግሞ በአጭሩ መንገድ ይገባሉ። አያቶችን የቀኑ ሙሉ ሞግዚት ማድረግ ግን ዕረፍታቸውን መስረቅ ነው።

ሁሉም አብሮ የሚሳፈርባቸው ብዙ ናቸው። በጀልባ ላይ ተቀምጠው የየአገሩን አሻንጉሊቶች የሚያዩበት ስሞል ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ለኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ከተሠራው የተቀዳ ነው፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ውስጡም ቀዝቃዛ ነው። ፒፕል ሙቨር የሚባለው ባቡር ቀስ እያለ ፓርኩን ከላይ ያሳያል። አኒማል ኪንግደም ውስጥ ያለው የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ 45 ሄክታር በሚሆን መስክ ላይ ቀጭኔና ዝሆን ያሳያል፤ እንስሳቱ ንቁ የሚሆኑት በማለዳ ነው። መኪናው ስለሚያንገጫግጭ ወገባቸውን የሚያማቸው ከኋላ ወንበር ይልቅ ፊተኛውን ይጠይቁ።

ልብ የማይባለው ችግር መሳፈሪያው ነው። ፒፕል ሙቨርና የሙት መንፈሶቹ ቤት የመሰሉት መቀመጫቸው አይቆምም፤ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ እየተራመዱ ነው የሚሳፈሩት። እግራቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰው አስቀድሞ ለሠራተኛው መንገር ይገባል። የሙት መንፈሶቹን ቤት ወለል ሠራተኞቹ ማዘግየት ይችላሉ። መወጣጫው ላይ ከደረሱ በኋላ ማመንታት ነው የሚጥለው።

“ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ጾም ከሆነማ ረሃብ ነው”

ሁለቱም ስሕተት ነው። ማሞቅ የማያስፈልገው ምግብና አልኮል ያልሆነ መጠጥ ይገባል። ጠርሙስ አይገባም፤ የሕፃን ምግብ የያዘ ብልቃጥ ብቻ ይፈቀዳል። ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ከ61 በ38 በ46 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ልቅ በረዶ ስለማይፈቀድ የሚታሸገውን የበረዶ ከረጢት መያዝ ነው። ፍርፍርና ወጥ በዚያ ሙቀት ጋሪ ላይ ተንጠልጥለው እስከ ቀትር አይቆዩም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ያዋጣሉ። ቆሎ ለአዋቂው ጥሩ ነው፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ትንታ ስለሚያስከትል ከጋሪው ኪስ ይራቅ። ውሃ መግዛትም አያስፈልግም፤ ለስላሳ የሚቀዱት ምግብ ቤቶች ሁሉ በረዶ ያለው ውሃ በነፃ ይሰጣሉ። የሕፃን ምግብ ማሞቂያ፣ ማጥቢያና ዳይፐር መቀየሪያ በየፓርኩ ባለው የሕፃናት ክፍል አለ።

ለጾም ደግሞ ምግብ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት መፈለግ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የለበትም ማለት ነው፤ ማሩንስ እኛም አልከለከልን። የበለጠ ማሰብ ያለብን ስለ ሰዓቱ ነው። ፍልሰታ፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ የሚውለው በዚሁ የዕረፍት ወቅት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃም ሳይቀምሱ የሚቆዩ አያት በዚያ ፀሐይ ውስጥ ሊውሉ አይገባም። ለእነዚያ ቀናት ወይ የሆቴል ዕረፍት መያዝ፣ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻ መግባት ነው። ረቡዕና ዓርብንም ከትኬቱ 7 ቀን ውስጥ የዕረፍት ቀን ማድረግ ይቻላል።

“ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሌሊት ነው”

1,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ዕረፍት 13 ሰዓት፣ ከሕፃንና ከአያት ጋር ደግሞ ሁለት ቀን። በቨርጂኒያ ሎርተን የሚነሣው የአምትራክ አውቶ ትሬን መኪናን ጭኖ፣ ሰውን አሳፍሮ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይነሣና በማግሥቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከኦርላንዶ በስተ ሰሜን ባለችው ሳንፎርድ ይደርሳል። መኪናው እስከ 9 ሰዓት መረከብ አለበት። ከተጫነ በኋላ ዕቃ ማውጣት ስለማይቻል መድኃኒት፣ ዳይፐርና የሌሊት ልብስ ለብቻ በእጅ ይያዝ።

“ርችቱ እንዳለቀ ሮጦ መውጣት ነው”

ሁሉም የሚያስበው ይህንኑ ስለሆነ የአውቶቡሱና የሞኖሬይሉ ሰልፍ የቀኑ ረጅሙ የሚሆነው በዚያ ሰዓት ነው። ዋናው ጎዳና ላይ ያሉት ሱቆች ፓርኩ ከተዘጋም በኋላ ጥቂት ክፍት ይቆያሉ። ሕፃኑን ጋሪው ላይ አስተኝቶ፣ አያቶችን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መጠበቅ ያንኑ ጊዜ ቆሞ ከመገፋፋት ይሻላል። አውቶቡሱ ላይ ጋሪው ስለሚታጠፍ ግን፣ የተኛውን ልጅ ማን እንደሚያቅፍና ጋሪውን ማን እንደሚይዝ ሰልፉ ውስጥ ሳይገቡ መነጋገር ነው።