ኦስቲኦማላሺያ ምንድን ነው? "ቁርጥማት" ተብሎ የሚታለፈው የአጥንት መለስለስ

የአክስቴ ልጅ ከሪያድ የተመለሰች ሰሞን ቡና አፍልታ ጠራችን። ሦስተኛው ተጠጥቶ ልትነሳ ስትል ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተደገፈች። ወደ ፊት ዘንበል አለች፣ ወደ ጎን ዘንበል አለች፣ ከበርጩማው መላቀቅ አቃታት። እናቷ ከጎኗ ብድግ ብለው ስኒውን መሰብሰብ ጀመሩ። እሳቸው 60 አልፈዋል። እሷ ገና 34 ዓመቷ ነበር።

ሕመሙን ይዛው 2 ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ቁርጥማት ተባለ። ቀጥሎ ሪህ፣ ቀጥሎ ነርቭ፣ ቀጥሎ "ብርድ ገብቶብሽ ነው"። ወገቧን ሲይዛት እሷም እንደ ብዙዎቻችን "ኩላሊቴን ነው" ትል ነበር። ኩላሊቷ ታየ፣ ደህና ነው። የዳይክሎፌናክ መርፌ ስትወጋ ለሁለት ቀን ሻል ይላታል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራታል። አንድ ቦታ ደግሞ "ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው" ብለው የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጧት። ሪያድ እያለች የአጥንት ጥግግት ምርመራ ተነስታ ነበር። ወረቀቱ "የአጥንት መሳሳት" ይላል። በ34 ዓመት አጥንቷ ለምን ሳሳ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የሷ ችግር ኦስቲኦማላሺያ የሚባለው ነበር። በአማርኛ የአጥንት መለስለስ ማለት ነው። ከአጥንት መሳሳት፣ ማለትም ከኦስቲኦፖሮሲስ፣ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን መለየት የሚገባው ስሙ እንዲያምር አይደለም። የአጥንት መለስለስ ያለበት ሰው በተገቢው ሕክምና በጥቂት ወራት ውስጥ ከበርጩማ ይነሳል። በስህተት በአጥንት መሳሳት መድኃኒት ከተያዘ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ልዩነቱ አይከብደውም። መጀመሪያ ማገሩ ይማገራል። ከዚያ ጭቃው ይመረግበታል። ጭቃው ሲደርቅ ግድግዳው ይጠነክራል። አጥንትም እንዲሁ ነው። ማገሩ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጭቃው ካልሲየምና ፎስፌት ተዋህደው የሚሠሩት ማዕድን ነው። ደግሞም አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ዕድሜ ልክ አንዱ ጥግ እየፈረሰ ሌላው ጥግ ይገነባል።

አጥንት ሳሳ ሲባል ማገሩም ጭቃውም አብረው ቀንሰዋል። ያለው ግድግዳ ደህና ነው፣ ግን ቀጭን ነው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሰውየው ወድቆ እስኪሰበር ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። አጥንት ሲለሰልስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማገሩ በደንብ ተማግሯል፣ የሚመረግ ጭቃ ግን ጠፍቷል። አጥንቱ ክብደት ሲያርፍበት እሺ እያለ ይጎብጣል። የአጥንት ሽፋን ደግሞ በነርቭ የተሞላ ነው። ስለዚህ ያማል፣ እንዲያውም በጣም ያማል። በልጆች ላይ ሲሆን ሪኬትስ ይባላል። እግሩ የተንጋደደ፣ ደረቱ የጎበጠ ሕፃን አይታችሁ ይሆናል። ዋናው ችግር ያው ነው። ልጁ እያደገ ስለሆነ ጉዳቱ ከውጭ ይታያል፣ አዋቂው ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰቃያል።

የጥግግት ማሽኑ የሚለካው ጭቃውን፣ ማለትም ማዕድኑን፣ ብቻ ነው። ጭቃው ያነሰው ማገሩ ስላነሰ ይሁን ወይም መራጊ ስለጠፋ ማሽኑ አይለይም። ለሁለቱም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከጤናማ ወጣት ሰው አጥንት አንጻር ከ-2.5 ጀምሮ ወደ ታች ያለው ውጤት የአጥንት መሳሳት ይባላል። ይህ ቁጥር ግን በዋነኛነት የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶችና 50 ዓመት ለሞላቸው ወንዶች ነው። ወጣት ሰው መወዳደር ያለበት ከእኩዮቹ ጋር ነው። ከእኩዮቹ አንጻር -2.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ "ከዚህ ጀርባ ምን አለ?" ተብሎ መፈለግ አለበት። የአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ ይህ ፍለጋ ነው የተዘለለው።

ጭቃው ለምን ይጠፋል? በአብዛኛው በቫይታሚን ዲ እጥረት። ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ካልሲየምና ፎስፌትን ከምግብ ውስጥ በደንብ አይስብም። ደም ደግሞ ካልሲየም ሳይኖረው መዋል አይችልም፣ ልብም ጡንቻም በሱ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አንገት ውስጥ ያሉት አራት ትንንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞን ይለቁና ከአጥንት ይበደራሉ። ብድሩ ግን አይመለስም።

ይህን ቫይታሚን ቆዳችን በፀሐይ ይሠራዋል። በ1919 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ ያለባቸውን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት አከመ። የሚገርመው አንዱን ክንድ ብቻ ለብርሃን ሲያጋልጥ ሌላኛው ክንድም መዳኑ ነው። ቆዳው ላይ የተሠራው ነገር በደም ይዞራል ማለት ነው። ዛሬ መንገዱ ይታወቃል። ከቆዳ ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ኩላሊት፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ከሦስቱ አንዱ ሲበላሽ ጭቃው ይቋረጣል።

የአክስቴ ልጅ ለ7 ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። ከቤት የምትወጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ተሸፋፍና፣ በመኪና። ቤቱ ፀሐይ የሚያስገባ ትልቅ መስኮት እንዳለው ነግራኛለች። መስታወት ግን ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር አያሳልፍም። ጠቆር ያለ ቆዳም ያንኑ ያህል ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ያላችሁ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ውጭ ብትውሉም ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጨረሩ እምብዛም አይደርሳችሁም።

"እኛ እኮ የ13 ወር ፀሐይ ሀገር ነን" የሚል አይጠፋም። ነን። ግን ፀሐዩ ቆዳ ላይ ካላረፈ ምን ዋጋ አለው? ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል ብለን ሕፃኑን ጠቅልለን ጓዳ እናስቀምጣለን። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ እየፈሰሰባት ያለች ከተማ ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። የለየላት አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ራጅ አላዘዘም፣ ኤምአርአይም አላዘዘም። መጀመሪያ "እህቴ፣ ሳትደገፊ ከወንበሩ ተነሺ" አላት። አልቻለችም። ከዚያ ቅልጥሟ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ በአውራ ጣቱ ጫን አለ። ጮኸች። ደረቷ መሃል ያለውን አጥንት ጫን አለ፣ እንባዋ መጣ። "መጋጠሚያሽ አይደለም የሚያምሽ፣ አጥንትሽ ነው" አላት።

እሷ ሁሌ "መጋጠሚያዬን" ነበር የምትለው። ዳሌዬን፣ ጉልበቴን፣ ትከሻዬን። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በእውነተኛ የመጋጠሚያ ብግነት፣ ለምሳሌ በሩማቶይድ፣ መጋጠሚያው ያብጣል። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልፍታታ ይላል። እሷ እብጠት አልነበራትም። የነበራት ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭንና የጎን አጥንት ላይ ድፍን ያለ ሕመም ነው። አብሮት የጭንና የዳሌ ጡንቻ ድካም አለ። ደረጃ መውጣት ያቅታል፣ አካሄድ እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሕመምና ይህ ድካም ሲገናኙ ኦስቲኦማላሺያን መጠርጠር ይገባል።

ከዚያ ሐኪሙ ፌስታሏን ተቀበላት። የ2 ዓመት ወረቀት ነው፣ ተጣጥፎ፣ ተጨማድዶ። የጉበት ምርመራዎቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደራቸው። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚል መስመር ላይ 312 ይላል። መደበኛው ጣሪያ 120 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ወረቀት ላይም ከፍ ብሏል፣ ከዚያ በፊት ባለውም። ይህ ኢንዛይም ከጉበት ይወጣል፣ ለዚህ ነው ከጉበት ምርመራ ጋር የሚታተመው። ነገር ግን ማገር የሚማግሩት የአጥንት ሴሎችም ይለቁታል። ጭቃ ሳይመጣ ሲቀር ሴሎቹ እየታገሉ ስለሚቆዩ ቁጥሩ ይወጣል። ጉበቷ ደህና ስለነበረ ቁጥሩን ሁሉም አልፎት ሄዷል። መልሱ ፌስታሏ ውስጥ ይዞር ነበር።

ከዚያ የታዘዘው በአንድ የደም ናሙና የሚሠራ ነው፦ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ የኩላሊት ምርመራና ቫይታሚን ዲ። ቫይታሚን ዲ በሚሊሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ሲሆን እጥረት ይባላል። አጥንት የሚለሰልሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ሲወርድ ነው። የሷ 6 ነበር። ካልሲየሟ በጥቂቱ ዝቅ ያለ፣ ፎስፌቷም ዝቅ ያለ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞኗ ከፍ ያለ። ኋላ ራጅ ስትነሳ የጭን አጥንቷ አንገት ላይ ሁለቱም በኩል ስንጥቅ የሚመስል ቀጭን መስመር ታየ። የሎዘር መስመር ይሉታል፣ የዚህ ሕመም መለያ ነው።

ውጤቱ ሌላ መልክ ቢይዝ መንገዱም ሌላ ነበር። ካልሲየም ከፍ ብሎ ፓራታይሮይድ ሆርሞንም ከፍ ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዕጢው ላይ የበቀለ እባጭ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ቫይታሚን ዲ ሞልቶ ፎስፌት ብቻ ከወረደ ኩላሊት እያፈሰሰው ሊሆን ይችላል። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ቴኖፎቪር በአንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያደርጋል። የምትወስዱት ካላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለሚጥል ሕመም የሚሰጡት ፊኒቶይንና ፊኖባርቢታልም ቫይታሚን ዲን ያሟጥጣሉ። ስንዴና ገብስ የማይስማማው አንጀት፣ ማለትም ሴሊያክም፣ እንዲሁ። ሌሊት ላብና ትኩሳት ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ መታየት አለበት። በዕድሜ የገፋ፣ ደሙ ያነሰ ሰው ከሆነ ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር መዘንጋት የለበትም። ወንጂና መተሐራ አካባቢ ያደገ፣ ጥርሱ የበለዘ ሰው ጀርባውና አንገቱ ደርቆ ካመመው የመጠጥ ውሃው ውስጥ የበዛ ፍሎራይድ ይጠረጠራል። እዚያ አጥንቱ በራጅ ሲታይ ሳስቶ ሳይሆን ወፍሮ ነው የሚገኘው።

ሐኪሙ ያስቆማት አንድ መድኃኒት ነበር። ሪያድ ለአጥንት መሳሳት የተሰጣት አሌንድሮኔት። ይህ መድኃኒት አጥንት እንዳይፈርስ ያደርጋል። ለትክክለኛው ሰው በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቫይታሚን ዲ በሌለበት ደም የሚበደርበትን አጥንት ሲዘጋበት ካልሲየም ድንገት ሊወርድ ይችላል። ጣቶቿ የሚደነዝዙት፣ ሌሊት እግሯን ቁርጥ የሚያደርጋት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ አሌንድሮኔትና መሰሎቹ ከመጀመራቸው በፊት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መለካት አለበት። የታዘዘላችሁ ሁሉ ይህን ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሕክምናው ራሱ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ባለ 50,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ነው፣ ለ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ከካልሲየም ጋር። ከዚያ አነስ ያለ የየቀን መጠን ይከተላል። ግን ይህን አንብባችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ መርፌ አትወጉ። ከልክ ካለፈ ካልሲየም ደም ውስጥ ይከማችና ያስመልሳል፣ ያደናግራል፣ ኩላሊት ላይ ጠጠር ያመጣል። በተለይ ቲቢ ያለበት ሰው ሰውነቱ ራሱ ቫይታሚኑን ስለሚያነቃ አደጋው ይብሳል።

የአክስቴ ልጅ ሕክምናውን ከጀመረች አሁን 8ኛ ወሯ ነው። የጎን አጥንቷ ሕመም ቀድሞ ሄደ፣ በ5ኛው ሳምንት አካባቢ። ወገቧ ተከተለ። ደረጃው ነው የቆየባት፣ ጡንቻ ለመመለስ ወራት ይወስዳል። ከበርጩማ ስትነሳ አሁንም አንድ እጇን ትደገፋለች፣ ያውም አንዳንዴ። አልካላይን ፎስፋቴዟ 168 ደርሷል። ገና ነው፣ ጭቃው እየተመረገ ነው ማለት ነው። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ መድኃኒቱን ልታቆም ነበር፣ አክስቴ ናቸው በየቀኑ ከቁርስ ጋር የሚያቀርቡላት። ቀጣዩ የደም ምርመራ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።