«ደረቷን ሰንጥቀው ነው ያስገቡላት» እና ሌሎች የፔስሜከር ወሬዎች

አክስቴ ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት ሲዘገይ የሚቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ፣ አስገብታ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ቤቷ በጠያቂ ተሞላ። ቡናው ሳይፈላ ወሬው ፈላ። ከሰማሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ።

«ደረቷን ሰንጥቀው ነው።»

ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቱ ውስጥ የተቀበረለት አርነ ላርሰን ደረቱ ተከፍቶ ነበር። ያም መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ሰውየው ግን ከ20 በላይ ፔስሜከር እየቀያየረ እስከ 2001 ኖረ። ቀዶ ያከመው ሐኪምም፣ መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስም ቀድመውት አረፉ።

ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው ከአንገት አጥንት በታች አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ቆዳ ነው። የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው፤ አክስቴ ከነርሷ ጋር ስታወራ ነበር። ሐኪሙ ቀጭን ሽቦ በደም ሥር ይሰድና በራጅ ስክሪን እያየ ልብ ድረስ ያደርሰዋል። ጫፉ እዚያ ይያያዛል። ከዚያ ከቆዳው ሥር ትንሽ ኪስ ያበጅና መሣሪያውን ከትቶ ይሰፋል። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በቃ። ሽቦ የሌለውም አለ። 2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ ልብ ውስጥ ይቀመጣል። ለሁሉም በሽተኛ ግን አይሆንም።

«ከእንግዲህ ልቧ በማሽን ነው የሚሠራው።»

ደሙን የሚረጨው ያው የራሷ ልብ ነው። መሣሪያው ምቱን ይጠብቃል፤ ሲዘገይ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሰዋል። የደም ግፊት አያክምም፣ የተዘጋ የደም ሥር አይከፍትም። ስለዚህ መድኃኒቷን መተው የለም። «ነፍሷ አትወጣም» ያሉም ነበሩ። የሞተ ጡንቻ ኤሌክትሪክ ቢላክለት አይሰማም።

«ባትሪ ድንጋዩ ያለቀ ቀን አበቃላት።»

እንደ ሬዲዮ ድንገት አይጠፋም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ መዳከሙም በክትትል ቀድሞ ይታያል። ያኔ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው መሣሪያው ብቻ ነው፣ ሽቦው ይቆያል።

«ጠበል ቀረባት፣ ውሃ ይገባበታል።»

መሣሪያው በቲታኒየም ድፍን ተደርጎ የታሸገ ነው። ውሃ የማይነካው ቁስሉ ነው፣ እሱም እስኪድን።

«ስልክ አትንካ።»

ትንካ። ግን ከመሣሪያው በተቃራኒ ባለው ጆሮዋ ታውራ፣ ከመሣሪያውም 15 ሳንቲሜትር ይራቅ። አንዳንድ ስልኮች ውስጥ ያለው ማግኔት አሠራሩን ለጊዜው ሊቀይረው ይችላል። ችግሩ አክስቴ ስልኳን የምታስቀምጠው ጡት መያዣዋ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ከብሯ ጋር ነው። ልክ መሣሪያው አጠገብ! ብሩ ይቆይ፣ ስልኩ ቦርሳ ገባ።

«እጇን አታንቀሳቅስ።»

ለጥቂት ሳምንታት ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አታነሳም፣ ከባድ ዕቃ አትሸከምም። ጨርሶ ካሰረችው ግን ትከሻዋ ይደርቃል።

የሚገርመው፣ ከዚያ ሁሉ ጠያቂ አንድም ሰው ስለ ቁስሉ አልጠየቀም። ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ መግል ቢይዝ፣ ትኩሳት ቢመጣ ወይም እንደገና ራሷን ብትስት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው። ይህን እያስረዳሁ አንዷ ጎረቤት ከጓዳ ፌጦ ቀጥቅጣ ብቅ አለች፤ ቁስሉ ላይ ልትቀባላት። ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ ቡና አቀረብኩላት።