ስምዖንና ሌዊ፦ በአንድ ቃል ሁለት መንገድ

ባለፈው ረቡዕ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ዘፍጥረት 49 ላይ ደርሰን ነበር። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ «በኋለኛው ዘመን የሚያገኛችሁን» ብሎ የነገራቸው ምዕራፍ ነው። ገና ግማሹን እንዳነበብን አንድ ወንድም መጽሐፉን ዘጋ። «እኔ ይሄን ምዕራፍ አልወደውም» አለ። ለምን ስንለው ዝም። ሻይ ሲቀዳ ነው የነገረን። አባቱ ከመሞቱ በፊት ተቆጥቶ ረግሞታል። ሥራ ባጣ ቁጥር፣ ትዳሩ በተናወጠ ቁጥር የአባቱ ድምፅ ጆሮው ላይ ይመጣበታል። «የያዕቆብ ቃል በልጆቹ ላይ ከደረሰ፣ የአባቴስ ለምን አይደርስም?» አለን።

እኛ አገር ይሄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ሽማግሌ ሲመርቅ መዳፋችንን ዘርግተን «አሜን፣ አሜን» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። እርግማኑንም በዚያው ልክ እንፈራለን። በዚያ ላይ «የትውልድ እርግማን» የሚለው ስብከት አለ። ስለዚህ ቶሎ ብዬ ጥቅስ ልወረውርለት አልፈለግኩም። ከምዕራፉ ውስጥ በጣም የሚከብደውን ቃል እንያዝና መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የት እንደሚያደርሰው እንከተለው አልኩ። የሁለቱን ልጆቹን፣ የስምዖንንና የሌዊን።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ዘፍጥረት 34 ላይ ነው። የኤሞር ልጅ ሴኬም የያዕቆብን ልጅ ዲናን አስነወራት። ቀጥሎ ላግባት አለ። የያዕቆብ ልጆች «ከተገረዛችሁ እሺ» ብለው በተንኮል መለሱ። የከተማው ወንዶች ተገረዙ፤ ከተማዋም ሴኬም ነው የምትባለው። በሦስተኛው ቀን፣ ቁስሉ ገና ሲያማቸው፣ ስምዖንና ሌዊ ሰይፍ ይዘው ገቡና ወንዱን ሁሉ ፈጁት። የቃል ኪዳን ምልክት የሆነውን ግዝረት ወጥመድ አደረጉት። እኔን ከግድያው እኩል የሚዘገንነኝ ይሄ ነው።

ያዕቆብ ያን ቀን ያለው ነገር ይገርማል። በአገሩ ሰዎች ዘንድ አስጠላችሁኝ፣ እኔ በቁጥር ጥቂት ነኝ፣ ያጠፉኛል አለ። ስለሞቱት ሰዎች አንድም ቃል የለም። ስለ ዲናም የለም። ልጆቹ ግን «እኅታችንን እንደ ጋለሞታ ያድርጋት?» ብለው መለሱለት። ምዕራፉ እዚያ ላይ ይቆማል፤ አባትየው መልስ አልሰጠም። መልሱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ግብፅ ወርዶ፣ 147 ዓመት ሞልቶት፣ አልጋው ላይ ሆኖ። በምክራቸው ነፍሴ አትግባ አለ። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ «በያዕቆብ እከፋፍላቸዋለሁ፥ በእስራኤልም እበታትናቸዋለሁ።»

አንድ ቃል፣ ለሁለት ወንድማማች። «ስምዖንን እንዲህ፣ ሌዊን እንዲያ» አላለም። አንድ ላይ ጠቅልሎ ተናገራቸው። አሁን እንከተላቸው።

የስምዖንን ቶሎ እንለፈው፤ አሳዛኝ ነው። በሲና ምድረ በዳ በተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ ስምዖን 59,300 ተዋጊ ነበረው። ከይሁዳና ከዳን ቀጥሎ ሦስተኛው ትልቅ ነገድ ነበር። ሁለተኛው ቆጠራ ላይ ስንደርስ 22,200 ሆኗል። የሁሉም መጨረሻ። 37,100 ሰው ጎድሎበታል! መሀል ላይ ምን ሆነ? ዘኍልቁ 25ን ክፈቱ። በሰጢም ሕዝቡ ከጣዖቱ ከብኤል ፌጎር ጋር ሲተባበር፣ 24,000 ሰው በመቅሠፍት ሲሞት፣ ማኅበሩ በድንኳኑ ደጃፍ እያለቀሰ ሳለ፣ ምድያማዊቱን ሴት በሁሉ ፊት ይዞ የገባው ሰው ዘንበሪ ይባላል። ከስምዖን ወገን የአንድ አባት ቤት አለቃ ነው። ከሞቱት ውስጥ ስንቱ ስምዖናዊ እንደነበር ጽሑፉ አይነግረንም፤ እኔም አልጨምርበትም። ግን ቆጠራው የሚመጣው ከዚሁ ታሪክ ቀጥሎ ነው። ያንን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠው ጸሐፊ አንባቢውን የናቀ ሰው አይመስለኝም።

ሙሴ በዘዳግም 33 ነገዶቹን ሲባርክ ስምዖንን በስሙ አልጠራውም። ኢያሱ ምድሪቱን ሲያካፍል ደግሞ ለስምዖን የራሱ ድንበር አልወጣለትም። የይሁዳ ድርሻ ስለሰፋ ከውስጡ ከተሞች ተሰጡት፤ ቤርሳቤህና ጺቅላግ ከእነርሱ መካከል ናቸው። በኋላ ዳዊት በስደት ሳለ ጺቅላግን የሰጠው የፍልስጥኤሙ ንጉሥ አንኩስ ነው፤ ከተማዋ ከዚያ ወዲያ የይሁዳ ነገሥታት ሆነች። ስምዖን እንደ ጨው በውኃ ይሁዳ ውስጥ ሟሟ። ትንቢቱ ደረሰ።

ሌዊስ?

ሌዊ መጀመሪያ ላይ ከስምዖን የተሻለ አልነበረም። ጥጃውን የሠራው አሮን እኮ ሌዋዊ ነው። ግን ዘጸአት 32 ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሙሴ ከተራራው ወርዶ በሰፈሩ ደጅ ቆመና የእግዚአብሔር የሆነ ወደ እኔ ይምጣ አለ። የሌዊ ልጆች ሁሉ ወደ እርሱ ተሰበሰቡ። እንደገና ሰይፍ አነሡ። በዚያ ቀን ሦስት ሺህ የሚያህል ሰው ሞተ።

እዚህ ጋ ሁሌም ይከብደኛል፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ያው የሴኬም ሰይፍ ነው እኮ! ዘንበሪን የወጋው ፊንሐስም ሌዋዊ ነው፤ እርሱም በጦር ነው። የሌዊ ጠባይ አልተለወጠም፤ ያው ትኩስ ደም ነው። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው። በሴኬም የቆመው ለራሱ ቤት ክብር ነበር። በሲና ሥር ግን የገዛ ወንድሙን እንኳ አልለየም፤ ሙሴም በዘዳግም 33 ሌዊን ሲባርክ ያነሣለት ይሄንኑ ነው፦ አባቱንና እናቱን አላየሁም አለ፣ ወንድሞቹን አላስተዋለም። ይሄን አንብቦ ዛሬ ሰይፍ ለማንሣት የሚያኮበኩብ ካለ ግን ይቆይ፤ ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ የታዘዘው ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ነው።

ታዲያ «እበታትናቸዋለሁ» የሚለው ቃል በሌዊ ላይ ቀረ? አልቀረም! ሌዊ ከስምዖን ይልቅ ተበታተነ። ስምዖን ቢያንስ በአንድ ነገድ ውስጥ ነው የገባው። ሌዊ በሁሉም ውስጥ ገባ፤ በ48 ከተሞች፣ ከዳን እስከ ይሁዳ፣ ከዮርዳኖስ ማዶም ጭምር። ርስትም የለውም። ግን ርስት ያጣበት ምክንያት ተገልብጧል። እግዚአብሔር ለአሮን «ድርሻህና ርስትህ እኔ ነኝ» አለው። ሕዝቡን ሕግ የሚያስተምር ሰው በየአካባቢው ያስፈልግ ነበርና መበተኑ ራሱ ሥራ ሆነ። ቃሉ አልታጠፈም፤ አንድም ፊደል አልወደቀም። ግን ለአንዱ መሟሟት የሆነው ለሌላው መዘራት ሆነ።

አሁን ይሄን ስሙኝ፤ ባነበብኩት ቁጥር ገጹን የማልፈው ትንሽ ቆሜ ነው። ኢያሱ 20 ላይ የመማፀኛ ከተሞች ተለይተዋል። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ ሸሽቶ የሚጠለልባቸው ስድስት ከተሞች ናቸው። ከስድስቱ አንዷ በኤፍሬም ተራራማ አገር ያለችው ሴኬም ናት። በምዕራፍ 21 ደግሞ ሴኬም ለማን ተሰጠች? ለቀዓት ልጆች፣ ለሌዋውያን። አባታቸው ሌዊ ደም ያፈሰሰባት ያችው ከተማ! ሰዎች በቁስላቸው ተኝተው መሸሻ ባጡበት በር ላይ አሁን የሌዊ ልጅ ቆሞ የሸሸውን ሰው ይቀበላል። ኢያሱ ይሄን ሲጽፍ አንዲትም ማብራሪያ አልጨመረበትም። ዘፍጥረት 34ን ያስታወሰ ያስታውስ ብሎ አለፈ።

ያ ወንድማችን ይሄን ስንደርስ መጽሐፉን መልሶ ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትንቢቱ ቃል ራሱ የተመለስነው። ያዕቆብ ያለው «ቍጣቸው ርጉም ይሁን» ነው። እነርሱ ርጉም ይሁኑ አላለም። መጽሐፍ ቅዱስ ሰውን ራሱን መርገም ሲፈልግ ያውቅበታል፤ ቃየንን አንተ የተረገምህ ነህ ብሎታል፣ ኖኅም ከነዓን ርጉም ይሁን ብሏል። እዚህ ግን የተረገመው ቁጣው ነው። ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ቁጥር 28 ነው። ያዕቆብ ተናግሮ ሲጨርስ ጸሐፊው፣ እያንዳንዳቸውን እንደ በረከታቸው ባረካቸው ይላል። ሮቤልንም፣ ስምዖንንም፣ ሌዊንም ማለት ነው። እኛ «እርግማን» ብለን ያነበብነውን ራሱ ምዕራፉ በረከት ብሎ ዘጋው። በልጅ ቁጣ ላይ የተጣለ ልጓም ለልጁ በረከት ነው ማለቱ ይሆን? እኔ እንደዚያ ነው የማነበው።

ኤርምያስ በሸክላ ሠሪው ቤት የሰማውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እግዚአብሔር ስለ አንድ ሕዝብ ሊነቅል፣ ሊያፈርስ ቢናገር፣ ያ ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ፣ ላደርግበት ካሰብሁት እጸጸታለሁ ይላል። ነነዌን ማስታወስ ነው። አርባ ቀን ተባለላት፤ ዮናስ ዳስ ሠርቶ ጥላው ሥር ተቀምጦ ጥፋቷን ቢጠብቅ ቀረ።

ስለ ነገዶች የተነገረውን ትንቢት ስናነብ ግን አብዛኞቻችን በዚህ መንገድ አንሄድም። ቶሎ ብለን «እኛ የትኛው ነን?» እንላለን። ለእኛ ደግሞ ጥያቄው ቅርብ ነው። የነገሥታቶቻችን ማኅተም ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ተጽፎ ኖሯል። ቃሉ የተወሰደው ከራእይ 5 ነው። እዚያ ግን ስለ ማን እንደተነገረ አንብቡት። ሽማግሌው ዮሐንስን ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሥቷል አለው። ዮሐንስ ዞር ሲል ያየው የታረደ በግ ነው። በትረ መንግሥት ከይሁዳ አይጠፋም የተባለው ወደዚህ በግ የሚሄድ ቃል ነው እንጂ ለማንም ቤተ መንግሥት የተሰጠ የዘር ሐረግ አይደለም። ይሄን ስል አያቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም።

ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ደግሞ ይሄ ጥያቄ ሕይወታቸውን ቀይሮታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የነበሩ አንድ ራቢ የጻፉትን መሠረት አድርገው፣ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 ወደ አገር የመመለስ ሕጉ ለእነርሱም እንዲሠራ ተፈቀደ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ራሳቸው ስለ አመጣጣቸው የሚተርኩት ከአንድ በላይ ነው፤ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣን የሚሉም አሉ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ራእይ 7 ላይ ዳን ስሙ አልተጠራም ብለው አንድን ሕዝብ በሙሉ የሚፈርጁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሕዝቅኤል 48ን አላነበቡም ማለት ነው፤ እዚያ ርስት ሲከፋፈል የመጀመሪያው ስም ዳን ነው።

«አሥሩ የጠፉ ነገዶች» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። አሦር ሰማርያን በ722 ዓ.ዓ. ከያዘች በኋላ ብዙ ሕዝብ ተግዟል፤ እውነት ነው። ግን ሉቃስ 2 ላይ ሕፃኑን በመቅደስ የተቀበለችው ነቢይት ሐና ከየት ነገድ ናት? ከአሴር። ከሰሜኖቹ አንዱ። አልጠፋችም፤ መቅደሱ ውስጥ እየጾመች ነበር።

በነገራችን ላይ ሌዊም በሐዲስ ኪዳን አልጠፋም። የቆጵሮስ ተወላጅ ሌዋዊ በርናባስ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖረ። ስሙን የመጽናናት ልጅ ብለው ነው የጠሩት። ቁጣቸው ርጉም ይሁን ከተባለው ቤት የመጽናናት ልጅ ወጣ።

ስንበታተን መሽቶ ነበር። ያ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ «የሌዊስ ገባኝ» አለ። «እኔ ግን ስምዖን ብሆንስ?» መጽሐፉን ከእጁ ተቀብዬ መጀመሪያ ሕዝቅኤል 48ን አሳየሁት፤ ስምዖን እዚያ የራሱ ርስት አለው፣ በከተማይቱ ደቡብም በስሙ የተጠራ በር አለው። ከዚያ ራእይ 7፥7ን አውጥቼ ሰጠሁት። በኮሪደሩ መብራት ሥር ቀስ ብሎ ድምፁን አውጥቶ አነበበ። ከስምዖን ነገድ አሥራ ሁለት ሺህ። ከሌዊ ነገድ አሥራ ሁለት ሺህ። «እኩል ናቸው» አለ። «አጠገብ ለአጠገብም ናቸው» አልኩት።